ክንፏን ገጥማ የምትቀመጠዋ

የሳይንስ ፋኩልቲ ልጆች ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት ይስቁብኝ ይሆናል። ይሳቁ። ስለ ዝንብ ልጽፍ ነው። እኔ የቋንቋ ተማሪ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ስለ ግስ፣ ስለ ቅኔና ስለ ልብ ወለድ ነው፤ ስለ ዝንብ አንድም ኮርስ አልወሰድኩም። ቢሆንም እስከ ዛሬ ከወደቅኋቸው ፈተናዎች ሁሉ አሁንም የሚያንገበግበኝ ስለ ዝንብ የተጠየቅሁት ነው። ፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ እኔም በልበ ሙሉነት መለስኩት፤ ተሳሳትኩም። ውጤቱ ሬጅስትራር ቢሮ አልተመዘገበም። የተመዘገበው እቤታችን፣ ቀንበሩ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

አገሬ ገረሴ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ተራራውን የሚወጣ ሰው አባያንና ጫሞን ከኋላው ትቶ፣ ሙዙንና ማንጎውን ትቶ፣ ኮት እየደረበ የሚደርስባት የጋሞ ደጋ ናት። እንሰት ከየቤቱ ጓሮ አይጠፋም፤ ገብስ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ድንች አለ፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሳይጠራ እቤት ድረስ ይገባል። የሌለው መሬት ነው። አባቴ ከአያቴ የወረሰውን ቁራሽ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ተካፍሎታል፤ እኛ ደግሞ አምስት ልጆች ነን። የእሱን ድርሻ ለአምስት ብታካፍሉት ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ቆሞ ለማስነጠስ የሚበቃ ነው።

ከመሬቱ ይልቅ አባቴ የሚኮራው በበሬዎቹ ነበር። አንደኛው ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት። ሁለተኛው ጥቁሩ ነው፤ ሌላ ስም አልነበረውም። ቁልቁለቱን እንደማንኛውም ሰው በባለ ሁለት ጥርሱ መቆፈሪያ እየቆፈረ፣ ለጥ ያለውን በበሬ ያርሳል። ጥማድ ያለው ሰው ለመቀናጆ የሰው ደጅ አይጠናም። አባቴ ይህንን አፉን ሞልቶ ባይናገረውም፣ ማታ ማታ በሬዎቹን ሲያስገባ ከአረማመዱ ይታወቅበታል።

የእናቴ ወንድም ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ቆላው ወርዶ ነበር። ከእኛ ቤት በእግር የአንድ ቀን ቁልቁለት ነው። ሰፊ መሬት አግኝቷል፤ በሬ ግን የለውም። አምና ጥር ላይ መጣና አባቴን «በሬዎችህን ይዘህ ውረድ፤ በእኩል እናርሳለን፤ በቆሎው እዚያ በሦስት ወር ይደርሳል» አለው። አባቴ ዝም ብሎ እሳቱን ሲቆሰቁስ ቆየና «ቆላ በሬ ይበላል» አለ። አጎቴም «ሁሉም ቦታ አይደለም። እኔ ያለሁበት ዝንቡ የለም» አለ። አባቴ የገንዲን ነገር ከአባቱ ሰምቷል፤ የቆላ ዝንብ የነከሰው ከብት ከስቶ ከስቶ እንደሚሞት ያውቃል። ዝንቧን ግን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ደገኛ የት ያያታል?

በዚህ መሐል ለሴሚስተር እረፍት እኔ ከች አልኩ። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አለ አይደል እንዴ? አባቴ «እንግዲህ አንተ ሂድና እይልኝ። ካለች አለች በለኝ፤ ከሌለችም የለችም በለኝ» አለ። በጋሞኛ ነው የተነጋገርነው፤ በጋሞኛ ይህ አነጋገር ትእዛዝም ልመናም ይመስላል።

ወረድኩ። ከአጎቴ ጋር ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የጎረቤት ከብቶች ውሃ ወደሚጠጡበት ወንዝ ሄድን፤ ዳር ዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ከከብቶቹ ጋር አንድ እረኛ ልጅ አለ፤ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አንዲት ቀይ ላም አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝንብ መመርመር ጀመርኩ። እንግዲህ አስቡት! ዝንቡ ብዙ ነው፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። እኔ በልቤ የያዝኩት አንድ ሥዕል ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ መጽሐፍ ላይ ያየሁት፣ «ጸጸ ዝንብ» ተብሎ የተጻፈበት። ሁለት ክንፎቿ ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ ስድስት እግሮቿ ተበልጠው፣ ሆዷ በመስመር በመስመር ተከፋፍሎ። እንደዚያ ያለች ዝንብ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ልጁ ሲያየኝ ቆየና ጠጋ አለ። ላሟ እግር ላይ ያረፈች ቡናማ፣ ቀጠን ያለች ዝንብ በዱላው ጫፍ እያመለከተኝ፦

«ይህችኛዋ ናት» አለ።

«ምኗ?»

«የምትገድለዋ። ክንፏን ገጥማ የምትቀመጠዋ። ያችኛዋ ከፍታ ነው የምትቀመጠው፤ እሷ ግድ የለም።»

እኔም በተማረ ሰው ትዕግሥት «የለም ወንድሜ፤ ጸጸማ ክንፏ እንዲህ ነው» ብዬ ሁለት እጆቼን እንደ መስቀል ዘረጋሁለት። ልጁ ከት ብሎ ሳቀና፦

«እሷማ ሞታ ይሆናላ!» አለ።

እኔም ሳቅሁ። የልጅ ነገር ነው ብዬ። ዛሬ ሳስበው ግን በዚያ ወንዝ ዳር ከተነገረው ሁሉ እውነቱ ያ ብቻ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለችው ዝንብ በእርግጥም ሞታለች፤ ክንፎቿ በመርፌ ተወጥረው ነው የተሣለችው። እኔ የሞተችዋን ሥዕል ይዤ በሕይወት ያለችዋን ስፈልግ ነበር።

ገረሴ ተመለስኩ። አባቴ በር ላይ ተቀበለኝ።

«እህ?»

«ተራ ዝንብ ነው አባ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በደንብ አይቻለሁ።»

ይህች «በደንብ» የምትል ቃል አሁን ሳስታውሳት ታሳፍረኛለች። አባቴ ግን አመነኝ። መጋቢት ላይ ቦራንና ጥቁሩን ነድቶ ወረደ፤ ሦስት ሳምንት አርሶ ተመለሰ። መሬቱ ሸጋ ነው አለ። ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲገባ እህቴ ደወለችልኝና ቦራ እየከሳ መሆኑን ነገረችኝ። ይበላል ግን ይከሳል፤ ፀጉሩ ቆሟል፤ ከዓይኑ ውሃ ይወርዳል፤ ትከሻው ፊት ለፊት እብጠት አለ። ከገበያ መድኃኒት ተገዛ፤ በረኒል የሚሉት ነው። ገንዘቡ ለአንድ በሬ እንኳ ስለማይበቃ ለሁለቱም ተከፋፍሎ ተወጋ። በኋላ እንደተረዳሁት እንዲህ ያለው ግማሽ መርፌ በሽታውን ከማዳን ይልቅ ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል። ሰኔ ውስጥ ቦራ ከተኛበት አልነሳ አለ። ጥቁሩ የሠፈራችን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ደርሶለት ሙሉ መርፌ ተወግቶ ተረፈ።

ክረምት ላይ ቤት ስገባ የቦራ ቆዳ ግድግዳው ላይ ተወጥሮ ነበር። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። «ደህና ገባህ?» አለኝ፤ ቆጮና ዳጣ ቀረበ፤ በላን። ስለ በሬ የተነሳ ነገር የለም። ጎረቤት ሁሉ «የቆላ ነገር» እያለ ነው ያጽናናው። ልጁ ነው ያለ ሰው የለም። እኔ ግን ቆዳው ላይ ያለውን ነጭ ግንባር እያየሁ እራት በላሁ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ አርባ ምንጭ ላይ አንድ ቀን አደርኩና የክፍል ጓደኛዬ ዘመድ የሆነ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ታሪኩን ከነ ኃጢአቴ ነገርኩት። ሰውየው ሳቀብኝም አልተቆጣኝም፤ ከመሳቢያው ትናንሽ ብልቃጦች አወጣና አራት ደረቅ ዝንቦች ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠልኝ። ማጉያ መነጽርም ሰጠኝ። «ስማቸውን አትንገረኝ፤ ያየኸውን ንገረኝ» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ግጥም መተንተን በተማርኩበት ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ትምህርት አልተሰጠኝም።

የመጀመሪያዋ ቁርጥ የቤት ዝንብ ናት። ግራጫ ናት፤ ክንፎቿ በትንሹ ተለያይተው ነው የተቀመጡት፤ ሆዷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ከቤት ዝንብ የምትለየው በአፏ ነው፤ የቤት ዝንብ አፍ እንደ ስፖንጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል የዚህችኛዋ እንደ መርፌ ወደ ፊት ወጥቷል። በረት አካባቢ የከብትና የፈረስ እግር የምትነክስ ናት። ሁለተኛዋ ትልቅ ናት፤ ዓይኖቿ ጭንቅላቷን በሙሉ ሸፍነውታል፤ እነሱም ያብረቀርቃሉ። ይህች ቆዳ ትቆርጣለች እንጂ አትወጋም፤ ከተነሳች በኋላ ከብቱ ላይ ደም ሲንጠባጠብ የምታዩት በእሷ ነው። ሦስተኛዋ ጠፍጣፋ ናት፤ በጣት ብትጨፈልቋት አትሞትም፤ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየሮጠች ፈረስና ከብት ጭራ ሥር ትደበቃለች። እሷም ክንፏን ደራርባ ነው የምትቀመጠው፤ ስለዚህ ክንፍ ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል።

አራተኛዋ እሷ ነበረች።

ወንዙ ዳር ያየኋት ቡናማ፣ ቀጠን ያለች ዝንብ። አሁን ግን ጊዜ ወስጄ አየኋት። ሁለቱ ክንፎች አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ተዘጋ መቀስ ልክ ለልክ ተደራርበዋል፤ ከሆዷም አልፈው ወጥተዋል፤ ስለዚህ ከላይ ሲያዩዋት ባለ አንድ ክንፍ ነው የምትመስለው። አፏ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እንደ ጦር ተሰብቋል፤ ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ያበጠ ነገር አለው። ሐኪሙ አንዱን ክንፍ በወረንጦ ገልጦ ብርሃን ላይ ያዘልኝ። መሐሉ ላይ ጅማቶቹ ተገጣጥመው የመጥረቢያ ቅርጽ ሠርተዋል፤ መጥረቢያው እጀታ ሁሉ አለው። «ሌላው ሁሉ ቢጠፋህ ይህ አይጠፋህ፤ መጥረቢያ ያለው ክንፍ የእሷ ብቻ ነው» አለኝ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ያህል የፈተለከ ምልክት ይዛ ስትዞር እኔ «ተራ» አልኳት።

ከዚያ ስለ ኑሮዋ ነገረኝ። ወንዱም ሴቷም የሚኖሩት በደም ብቻ ነው። የምታድነው በቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ትከተላለች፤ መኪና እንኳ ታሳድዳለች። ሌላ ዝንብ እንቁላሏን በመቶ ትጥላለች፤ ይህች ግን እንደ ላም አንድ አንድ ነው የምትወልደው። እጯን ሆዷ ውስጥ አንድ ዓይነት ወተት እያጠባች ታሳድገውና በዘጠኝ በአሥር ቀን አንዴ ጥላ ያለበት ልል አፈር ላይ ትወልደዋለች፤ እጩ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። እኛ ጠፍጣፋ ያልናት ሦስተኛዋም የሥጋ ዘመዷ ናት፤ እሷም እጭ ነው የምትወልደው። ታዲያ እኔ ነገሩን ሰምቼ «እንዲህ ያለች እናት እንዴት ገዳይ ሆነች?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ «ገዳዩ እሷ አይደለችም፤ በእሷ የሚሳፈረው ነው» አለና ማይክሮስኮፕ ሥር ደም አሳየኝ። ከታመመች ላም ጆሮ የተቀዳ ነው። በቀዮቹ ሕዋሳት መሐል አንድ ቀጭን ነገር እንደ እባብ ይወራጫል፤ ባለፈበት ሁሉ ሕዋሳቱን ይገፈትራል። ቦራን የጨረሰው ይህ ነው። ደሙን እያጠፋ፣ እያቀጠነ።

ለፍትህ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ከበሽታው ዓይነቶች አንዱ በሌሎቹም ተናካሽ ዝንቦች አፍ ከከብት ወደ ከብት ሊተላለፍ ይችላል፤ የቆላ ዝንብ በሌለበት ጣና አካባቢ እንኳ ተገኝቷል። ስለዚህ እረኛው ልጅ «ያችኛዋ ግድ የለም» ያለው ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ነገር ግን እኔ ከልጁ በመቶ እጥፍ ተሳስቻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ላይብረሪ ሄድኩ። የሰው ሙያ የሚያጽናናው በራሱ ሙያ ነውና በእኔ ትምህርት በኩል ዝንቧን ፈለግሁ። የግእዝ መምህራችን «ጽንጽያ» ምንድን ነው ሲሉን «ዝንብ» ብዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቼ ነበር። እንግዲህ ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ጥቅሙ ግን የት አለ? በእኛ ዘንድ የቤቱም፣ የበረቱም፣ የጫካውም ሁሉ «ዝንብ» ነው። አንድ ቃል ሰፊ ጃንጥላ ሲሆን ከሥሩ ማን እንደተጠለለ አይታይም።

እዚያው ላይብረሪ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ግን አጽናናኝ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ገብቶ ጎንደር የቆየ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ትልቁን የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንዲት ዝንብ በሰፊው ጽፏል። ስሟን «ዝምብ» ይላታል፤ «ጸልጸልያ» እያለም ይጠራታል። ድምፅዋ ሲሰማ ከብቱ መኖውን ትቶ እንደ እብድ ይሮጣል፤ ባለ ከብቶችም ከጥቁሩ አፈር ተነስተው ወደ አትባራ አሸዋ ይሰደዳሉ ይላል። ትንቢተ ኢሳይያስ ውስጥ ከተጠቀሰችው ዝንብም ጋር አያይዟታል። ሥዕሏንም ጨምሮ አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሊቃውንት ግን ሥዕሉንና ጽሑፉን አስተያይተው አልተስማሙም፤ አንዱ የቆላ ዝንብ ናት ይላል፤ ሌላው የለም፣ ትልቅ ዓይን ያላት ቆራጯ ናት ይላል። ያ ሁሉ ፈረንጅ አንዲት ዝንብ ለመለየት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክሮ ካልጨረሰ እኔ በሁለት ቀን ብሳሳት ምን ይገርማል ብዬ ራሴን ልደልል ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም። ብሩስ የተሳሳተው በወረቀት ላይ ነው። በእሱ ቃል በሬውን ነድቶ የወረደ አባት የለም።

ደግሞ ሌላ ብሩስ አለ። ዴቪድ ብሩስ፣ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም። በ1895 እ.ኤ.አ. ገደማ ደቡብ አፍሪካ፣ ዙሉላንድ፣ ኡቦምቦ በሚባል ኮረብታ ላይ ሆኖ የዙሉ ገበሬዎች «ናጋና» በሚሉት በሽታ የሚያልቁትን ከብቶች ደም በማይክሮስኮፕ ያየና የሚወራጨውን ነገር ያገኘ፣ ከዝንቧም ጋር ያገናኘው እሱ ነው። እኔን የመሰጠኝ ግን ከእሱ በፊት የነበረው ነገር ነው። «ጸጸ» የሚለው ቃል የመጣው ከጽዋና ሕዝብ ቋንቋ ነው። ስሙን የሰጧት ከብት ጠባቂዎች ናቸው፤ ሳይንስ የወሰደው ስም ከእረኛ አፍ የወጣ ነው። እኔም ወንዝ ዳር እረኛ ነበረኝ።

እስቲ ደግሞ ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ዓይነት የቆላ ዝንብ ተመዝግቧል። በእኛ በኩል፣ በደቡቡ ስምጥ ሸለቆ፣ ነጭ ሳርን ጨምሮ የሚገኘው በሳይንሱ ስሙ ግሎሲና ፓሊዲፔስ የሚባለው ነው። ቁጥቋጦ፣ ሙቀትና የዱር እንስሳ ይወዳል፤ አጋዘንና ከርከሮ ተሕዋሲውን በደማቸው ተሸክመው ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ የእኛ በሬ ግን ይወድቃል። ብርዱን ስለማትችል ደጋ አትወጣም። አንዳንዴ ሳስበው፣ እኛ ተራራው ጫፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀን ስንቀመጥ ቆላው ሰፊ ሆኖ የቆየው በወባና በዚህች ዝንብ ጭምር ነው። የመሬታችንን ድንበር ከሚያሰምሩት አንዷ እሷ ናት፤ ያውም ያለ ገመድ። ሰውንም ጨርሳ አልተወችም፤ እንቅልፍ በሽታ የሚሉት በ1967 እ.ኤ.አ. ጋምቤላ በኩል ታይቶ ነበር፤ ለረጅም ዓመታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥቂት ሰዎች ላይ እንደገና ተገኝቷል።

መንግሥትም ዝም አላለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ሆኖ በደቡቡ ስምጥ ሸለቆ አንድ ሥራ ተጀመረ፤ ቃሊቲ ላይም የዝንብ ማርቢያ ተሠራ። ዝንብ ማርባት? አዎን፣ ማርባት! ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር ይመክኑና ይለቀቃሉ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰረረው በዕድሜዋ አንዴ ነው፤ መካኑን ካገኘች አትወልድም። አንድ አንድ ብቻ መውለዷ እዚህ ላይ ድክመቷ ይሆናል። በዛንዚባር፣ ኡንጉጃ ደሴት ላይ ከ1994 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘዴ ጨርሰው አጥፍተዋታል። እኛ ዘንድ ደሴት አይደለም፤ ሸለቆው ከሸለቆ ይገናኛል፤ ዝንቧም ዛሬ ድረስ አለች። ስለዚህ ገበሬው የሚጠቀምበት ቀላሉ ነገር ጨርቅ ነው፤ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ከላዩ መረብ ተደርጎለት ቁጥቋጦ ዳር ይተከላል። ሰማያዊው ከሩቅ ይጠራታል፤ ጥቁሩ ላይ ታርፋለች፤ ከዚያ ወደ ላይ ስትወጣ ትያዛለች። ከሥሩ በጠርሙስ የከረመ የላም ሽንት ይቀመጥላታል፤ ሽታው ይስባታል።

ዘንድሮ የካቲት ላይ እንደገና ወደ አጎቴ ወረድኩ። ማንም አላዘዘኝም። አጎቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አንድ ወጥመድ ወንዙ ዳር ተክሏል። «የለም» ብሎ ባመጣው ጣጣ እሱም ተጸጽቷል፤ ብቻ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ ነው የምናወራው። እረኛው ልጅ ቁመት ጨምሯል፤ ረስቶኝ ይሆናል ብዬ ነበር። አልረሳኝም። ከሩቅ ሲያየኝ ሁለት እጆቹን እንደ መስቀል ዘርግቶ፦

«ዛሬስ ክንፏን ዘርግታ ነው የምትቀመጠው?» አለኝ።

«የለም፤ ገጥማ ነው» አልኩት።

አብረን ቁጭ አልን። እንዴት እንደሚጠበቅ አስተማረኝ። ስትበር አትከተላት፤ አትለያትም፤ ስታርፍ ጠብቃት አለኝ። ላሟ እግር ላይ አንዷ አረፈች፤ ክንፏን ከደነች፤ እንደ ጦር የተሰበቀው አፏ ዝቅ አለ። በአንዲት ደቂቃ ሆዷ ቀልቶ ተነፋ። ልጁ በመዳፉ ከደናትና እንደ ታሰረ ሰው ሁለት ጣቱ መሐል አድርጎ ሰጠኝ። ብልቃጥ ውስጥ ከተትኳት።

ገረሴ ስደርስ መሽቷል። አባቴ እሳት ዳር ነበር። ብልቃጡን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ማጉያውንም ሰጠሁት። ደረቋን ዝንብ መዳፉ ላይ አወጣት። የአባቴን መዳፍ አታውቁትም፤ ያቺ ዝንብ እዚያ ላይ እንደ ገብስ ፍሬ ነበረች። ማጉያውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋ።

«ይህች ናት?»

«ይህች ናት አባ።»

«ያን ጊዜም አይተሃታል?»

ለዚህ መልስ መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅበት ነበር። ስለ መጽሐፉ ሥዕል ልነግረው፣ ስለ ብሩሶቹም ልነግረው አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፦

«አይቻታለሁ። አላወቅኋትም እንጂ አይቻታለሁ። አንድ ልጅ ደግሞ ነግሮኝ ነበር» የሚል ብቻ ሆነ።

አባቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ መዳፉን ለታናሽ እህቴ ዘረጋላት። «ነይ እዪ። ወንድምሽ ያሳይሽ» አለ። እኔም አሳየኋት፤ መቀሱን፣ ጦሩን፣ መጥረቢያውን። እሷ መጥረቢያውን ከእኔ ቶሎ አገኘችው።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጥቁሩን ይዞ ወጣ። ዘንድሮ መቀናጆ የገባው ከጎረቤታችን ጋር ነው፤ የእነሱ በሬ ቀይ ነው፣ ከጥቁሩም ያጥራል፤ ቀንበሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ዕለቱ የጎረቤታችን ተራ ስለነበር መጀመሪያ የእነሱን መሬት ሊያርሱ ሄዱ። እኔም መቆፈሪያውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ቁልቁለቱ ወረድኩ።